ስሙ ያልተጠራ ሞት፦ በጎንደርና በላይ አርማጭሆ የሐዘን ሥርዓት በኤድስ ዘመን

በጎንደርና በሰሜኑ ደጋ የሐዘን ሥርዓት ከመነሻው እስከ ፍጻሜው በቃል የቆመ ነው። ሞት በመርዶ ይነገራል፣ ሟች በሙሾ ይወሳል፣ ሐዘንተኛ «እግዜር ያጥናችሁ» በሚል ቃል ይያዛል። መርዶ የሞት ወሬ ብቻ ሳይሆን ወሬው የሚነገርበት ደንብ ነው፤ ሽማግሌዎች፣ ጎረቤቶችና የቅርብ ወዳጆች ተጠራርተው፣ ብዙውን ጊዜ ጎሕ ሲቀድ፣ ከባለቤቱ ደጃፍ ደርሰው የሚያረዱት በመሆኑ፣ ማንም ሰው የወገኑን ሞት ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ይጠብቀዋል። «ያጥናችሁ» የሚለውም ቃል «ያጽናችሁ» ከሚለው ጋር አንድ ሥር ያለው ሲሆን፣ የሚመኘው ሐዘኑ እንዲረሳ ሳይሆን ሐዘንተኛው ሐዘኑን ተሸክሞ እንዲቆም ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ኤድስ በዚህ አገር ብዙ ቤት ሲያፈርስ ክፉኛ የተጎዳው ይህ የቃል ሥርዓት ነበር። ለቀስተኛው እንደ ወትሮው መጣ፣ ምግቡም እንደ ወትሮው ከየጎረቤቱ ደረሰ፣ ሞቱን በስሙ የሚጠራው ግን አልተገኘም። በዚያ ዘመን ለሐዘንተኞች የተደረገው ድጋፍ ታሪክ፣ በአብዛኛው፣ የታጠፈው ቃል እንዴት ቀስ በቀስ እንደተመለሰ የሚያሳይ ታሪክ ነው።

የላይ አርማጭሆ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ትክል ድንጋይ ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን በሚሄደው መንገድ ላይ ትገኛለች። መንገዱ ከደጋው ተነሥቶ በትክል ድንጋይ በኩል ወደ ሳንጃ ይወርድና በአብርሃጅራና በአብደራፊ አድርጎ ሑመራ ይደርሳል፤ መሬት የጠበበው የደጋ ገበሬና ሥራ ያጣው የከተማ ወጣት በአረምና በአጨዳ ወራት ወደ ሰሊጥና ወደ ማሽላ እርሻዎች የሚወርዱት በዚሁ ነው። ስለዚህ ትክል ድንጋይ የደጋና የቆላ ደጃፍ ሆና ኖራለች፤ ከቆላ የሚመጣው ገንዘብም፣ ወሬም፣ በሽታም በዚያው በር አልፏል። የዚህን አካባቢ የሐዘን ታሪክ ከመንገዱ ለይቶ መረዳት አይቻልም።

የቆየው የለቅሶ ልማድ ምን ይመስል እንደነበር በመጠኑ ዘርዘር አድርጎ ማየት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ኤድስ ያጎደለው ምን እንደሆነ የሚታወቀው ከዚያ ነው። በገጠሩ ሥርዓት ቀብር ከተፈጸመ በኋላ ሩቅ ያለው ዘመድ እስኪሰበሰብ ተጠብቆ ለቅሶው በሜዳ ወይም በዳስ ይቆማል። የሟቹ ልብስ፣ መሣሪያውና በቅሎው ወይም ፈረሱ ለቀስተኛው እንዲያየው ይወጣል፤ ወንዱ ይፎክራል፣ ሴቷ ደረቷን እየመታች ትረግዳለች። ረገዳ በሐዘን ጊዜ በእግር ምት የሚደረግ እንቅስቃሴ ነው። በመካከል የምትቆመው ሙሾ አውራጇ፣ በሌላ ስሟ አልቃሽ፣ ግጥሟን ከመጀመሯ በፊት የሟቹን ወገን፣ ሥራውን፣ ያፈራቸውን ልጆችና አሟሟቱን ከቤተሰቡ ጠይቃ ትረዳለች፤ ከዚያ በኋላ በሁለት በሁለት ስንኝ እያሰረች ለሕዝቡ ታሰማለች። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ ሴቶች ዘመድ ሲሞትባቸው ለዚሁ ባሳደጉት የትንሽ ጣት ጥፍር የጆሮ ግንዳቸውን እንደሚቧጭሩ ጽፏል፤ የቤተ ክርስቲያን አባቶች ሲገሥጹት የኖሩት ፊት የመንጨት ልማድ በከተማዋ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር ከዚህ ይታያል። ባልዋ የሞተባት ሴት ከል፣ ማለት በጥቁር የተነከረ የሐዘን ልብስ፣ ለብሳ ዓመት ትቆያለች። ጎረቤቱ ደግሞ እዝን ያደርሳል፤ እዝን ሐዘንተኛው ቤት እሳት እንዳይነድድ፣ ሐዘንተኛውም እንዳይራብ ከየቤቱ የሚላክ እህል ውሃ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሳይጠየቅ የማይታለፍ አንድ ጥያቄ አለ፤ ማንኛውም ለቀስተኛ ተቀምጦ ትንሽ ከቆየ በኋላ «ምን ነክቶት ነው?» ይላል፤ ሐዘንተኛውም ከሕመሙ መጀመሪያ እስከ መጨረሻዋ ሌሊት ይተርካል። አንዱ ለቀስተኛ ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ ታሪኩም ከመጀመሪያው ይደገማል። ከዚህ መደጋገም ውስጥ ሐዘንተኛው ሞቱን ለራሱ ያስረዳል፤ የልማዱ ጥበብ ያለው በዚህ ላይ ይመስላል።

የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ግን ከዚህ ይለያል። አስከሬኑ ታጥቦ ከተገነዘ በኋላ በመጽሐፈ ግንዘት የተደነገገው ጸሎት ይደርሳል፤ ፍትሐት የሚባለው ይህ የነፍስ ጸሎት ከሣልስት ጀምሮ በሰባት፣ በዐሥራ ሁለት፣ በሠላሳ፣ በአርባና በሰማንያ ቀን፣ በመንፈቅ፣ በዓመትና በሰባት ዓመት ይታሰባል፤ በአርባኛው ቀን የሚደረገው ግብዣም ተዝካር ይባላል። ካህኑ በጸሎቱ የሚያነሣው የሟቹን የክርስትና ስም እንጂ የሞቱን ምክንያት አይደለም። ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት በኤድስ ዘመን ትልቅ ሆነ፤ በፈንጣጣ የሞተውም፣ በጦር ሜዳ የወደቀውም፣ በኤድስ ያረፈውም በመቅደሱ እኩል በስሙ ሲጠሩ፣ ያ እኩልነት የጎደለው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ፣ ዳሱ ውስጥ ነበር። የሟቹን ምስጢር የሚያውቀው የነፍስ አባት ብቻ የሆነበት ቤትም ጥቂት አልነበረም።

ጎንደር ከዚያ በፊትም ብዙ መቅሠፍት አይታለች። ብሩስ በከተማዋ በነበረበት ጊዜ ፈንጣጣ ከድኻው ጎጆ እስከ እቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ግቢ ገብቶ ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን የሚባለው የረሀብና የከብት እልቂት ዘመን፣ ቀባሪ ያጣ ሬሳ የታየበት በመሆኑ፣ የሰሜኑ ሰው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራዋል። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን የዞረው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ደግሞ «የኅዳር በሽታ» ተብሎ ከመጠራቱም በላይ፣ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ ከእርሱ ጋር ተያይዞ በከተሞች ሲታወስ ኖሯል። እነዚህ መቅሠፍቶች ሁሉ ስም ነበራቸው፤ ሐዘንተኛው «ወንድሜን የኅዳር በሽታ ወሰደው» ሲል አንገቱን አይደፋም ነበር። የኤድስ ልዩነት የገዳዩ ጽናት ብቻ አይደለም፤ በሟቹ ላይ ጥያቄ፣ በተረፉት ላይ ጥርጣሬ ጥሎ መሄዱ ነው።

በኢትዮጵያ ኤድስን የሚያመጣው ቫይረስ፣ ኤችአይቪ፣ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ከተሰበሰበ የደም ናሙና ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ሪፖርት የተደረጉት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወታደር ወደየመንደሩ ተመለሰ፤ በዚያው አሥር ዓመት የሑመራና የመተማ እርሻዎች ተስፋፍተው የቀን ሠራተኛውን ከየደጋው ሳቡ። ወራቱን ሁሉ ከቤተሰቡ ተለይቶ በካምፕና በመንገድ ዳር ከተማ የሚያሳልፈው ወጣት ሁለት ጠላት ገጠመው፤ አንዱ ኤችአይቪ፣ ሁለተኛው ካላዛር ነበር። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ሲሆን፣ ኤችአይቪ ባለበት ሰው ላይ እጅግ ይበረታል፤ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በ1990ዎቹ ለካላዛር ሕክምና ከገቡትና ከተመረመሩት ሕሙማን ከአምስቱ ከአንድ የማያንሰው ቫይረሱ ይገኝበት ነበር። ለሐዘን ታሪክ የዚህ ጥምረት ትርጉም ቀላል አይደለም። ከቆላ ከስቶ፣ ሆዱ አብጦ ተመልሶ ለሞተ ልጅ ቤተሰቡ «ካላዛር ነው» ወይም «የቆላ ወባ ነው» ለማለት በቂ ምክንያት ነበረው፤ የተናገረውም ብዙ ጊዜ ውሸት አልነበረም፣ ግማሽ እውነት ነበር እንጂ።

ይህ ግማሽ እውነት አገር አቀፍ ልሳን ሆነ። በአዲስ አበባ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በመካነ መቃብሮች የተካሄደው የሞት ክትትል፣ ቀባሪዎች ለመዝጋቢው የሰጡትን ምክንያት ከሟቹ የሕመም ታሪክ ጋር ሲያስተያይ፣ «ሳንባ»፣ «ብርድ»፣ «ተቅማጥ»፣ «አልማዝ ባለጭራ» እየተባለ የተመዘገበው ሞት በአብዛኛው ኤድስ ሆኖ ተገኘ፤ በዚያን ጊዜ ከከተማዋ ለአካለ መጠን የደረሱ ሟቾች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚሁ በሽታ ያረፉ ነበሩ። አልማዝ ባለጭራ በወገብ ወይም በፊት ዙሪያ እንደ ጭራ ተስቦ የሚወጣ የሚያቃጥል ሽፍታ ሲሆን፣ የሰውነት መከላከያ ሲደክም ስለሚበረታ በዘመኑ ሕዝቡ እንደ ምልክት ያየው ነበር። በጎንደርም በትክል ድንጋይም ሰው በሽታውን በስሙ ሳይጠራ «ያ በሽታ» ወይም «የዘመኑ በሽታ» ማለትን መረጠ። በዳሱ ውስጥ «ምን ነክቶት ነው?» የሚለው ጥያቄ ወይ አልተጠየቀም፣ ወይ ተጠይቆ አጭር መልስ አገኘ። ይህ መቆጠብ ከክፋት የመጣ አልነበረም፤ ለቀስተኛው ሐዘንተኛውን ላለማሳፈር፣ ሐዘንተኛውም ሟቹን ላለማዋረድ ዝም አሉ። ውጤቱ ግን ከባድ ነበር፤ ታሪኩን ደጋግሞ በመናገር የሚቀለው ሐዘን ሳይነገር በመቅረቱ ሆድ ውስጥ ተቀመጠ፤ ሙሾ አውራጇም አሟሟቱን ካልጠየቀች ግጥሟ ስለማንም ሊባል የሚችል ግጥም ሆነ።

ዝምታው ያልሸፈነው ነገርም ነበር። ቫይረሱ በመጨባበጥ፣ አብሮ በመብላት ወይም በአንድ ቤት በመኖር እንደማይተላለፍ ሳይታወቅ በቆየባቸው ዓመታት፣ አስከሬን ማጠብና መገነዝ ያስፈራ ነበር፤ እዝን የተላከበትን ሳህን መልሶ ለመቀበል የሚያመነታ ጎረቤትም ነበረ። ከሁሉ የከበደው በባለቤቲቱ ላይ የወደቀው ነው። ከቆላ በሽታውን ይዞ የተመለሰ ባል ሲሞት ዓይን ሁሉ ወደ ሚስቱ ይዞር ነበር፤ ከል የለበሰችው ሴት የምትጽናና ሐዘንተኛ መሆኗ ቀርቶ የምትጠረጠር ሰው ሆነች፤ እርሷ ራሷ ስትታመምም የሚያስታምማት ሳይኖር የቀረችበት ጊዜ ነበር። ስለ ኤድስ የተጻፉ ብዙ ዘገባዎች ይህን «መገለል» በሚል አንድ ቃል ያልፉታል፤ ቃሉ ትክክል ቢሆንም፣ ለቅሶ በተቀመጠችበት ቤት ውስጥ ብቻዋን የሆነችን ሴት ሁኔታ ለመግለጽ አይበቃም።

ለውጡ ከጀመረባቸው ስፍራዎች ዋነኛው ዕድር ነው። ዕድር ጎረቤቶች በየወሩ እያዋጡ ሞት በሚደርስበት ጊዜ ቀብሩን የሚያስፈጽሙበት፣ ድንኳኑን የሚተክሉበት፣ ሐዘንተኛውን የሚያስተዛዝኑበት ማኅበር ሲሆን፣ በአዲስ አበባ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብቅ ብሎ በኋላ በሌሎች ከተሞች እንደተስፋፋ ይታመናል። የዕድር ሕግ አባሉ በምን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ ጡሩምባው ለማንኛውም ሞት ይነፋል፣ አለመውጣትም ያስቀጣል። በዚህ ደንብ ምክንያት በኤድስ የሞተ ሰው ቀባሪ አላጣም፤ ይህ ከብዙ አገሮች ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነገር ነው፤ በአሜሪካ በ1980ዎቹ የፈረንጅ አቆጣጠር የኤድስ ሟቾችን አስከሬን አንቀበልም ያሉ የቀብር ድርጅቶች ነበሩና። ነገር ግን ወጣቱ እየበዛ መሞቱ የዕድሮችን ሣጥን አራቆተ፤ ከዚህም የተነሣ ከሞት በኋላ ብቻ የሚረዳ ማኅበር ሰው በሕይወት ሳለ ቢረዳ ምን ይጎዳል የሚል ክርክር ተነሣ። በ1990ዎቹ በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች ብዙ ዕድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን እያሻሻሉ የታመመ መጠየቅን፣ የአልጋ ቁራኛን ማስታመምን፣ ወላጅ አልባ ልጆችን ማገዝን ጨመሩበት። ይህ ለውጥ ከውጭ የመጣ ትምህርት ብቻ የወለደው አይደለም፤ ቀብር ያሰለቸው ጎረቤት በራሱ የደረሰበት መደምደሚያም ነበር።

ከዕድሩ ጎን ለጎን የተደራጀው እንክብካቤ መጣ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሃይማኖት ተቋማት ተባብረው ያቋቋሙት ኦሳ የተባለው ድርጅት ለሕሙማን የምክር አገልግሎትና የቤት ውስጥ እንክብካቤ መስጠት ጀመረ፤ በ1989 እና በ1991 ዓ.ም. መካከል ደግሞ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ራሳቸው ያቋቋሟቸው መቅድምና ተስፋ ጎህ የተባሉ ማኅበራት ተመሠረቱ። መንግሥት የኤችአይቪ ኤድስ ፖሊሲውን በነሐሴ 1990 ዓ.ም. አወጣ። ከእነዚህ ሁሉ ለሐዘን ታሪክ የሚበልጠው የማኅበራቱ መመሥረት ነው፤ ምክንያቱም ሕሙማኑ በአደባባይ ቆመው «አለብኝ» ሲሉ፣ «ያ በሽታ» ለመጀመሪያ ጊዜ ፊትና ስም አገኘ። በዚያው መንፈስ የተሠራው «ማለባበስ ይቅር» የተሰኘው የድምፃውያን ኅብረት ዘፈን በርዕሱ ብቻ የዘመኑን ችግር ጠቅሶታል፤ ከሰኔ 1994 ዓ.ም. ጀምሮ በ257 ክፍሎች በሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ድራማም ሕመሙን ከየቤቱ ወሬ ጋር አቀላቀለው። በቡና ዙሪያ ይደረግ የነበረው የማኅበረሰብ ውይይት ደግሞ ለጥያቄው ቦታ መለሰለት፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የቆየ ብሂል በእነዚህ ጉባኤዎች እንደ አዲስ ይነገር ነበር።

ሌሎች አገሮችም ወደዚሁ ነጥብ በየራሳቸው መንገድ ደርሰዋል። በኡጋንዳ ባሏ በኤድስ የሞተባት ኖሪን ካሌባ ከሌሎች ጋር ሆና ታሶ የተባለውን የድጋፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1987 አቋቋመች። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር በዋሽንግተን አደባባይ የተዘረጋው፣ የኤድስ ሟቾች መታሰቢያ የሆነው የስሞች ብርድ ልብስ 1,920 ቁራጭ ጨርቆች የተሰፉበት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቁራጭ የመቃብር ያህል ስፋት ነበረው፤ በላዩም የሟቹ ስም ሰፍሮበታል። የሟቹን ልብስ በዳስ ዘርግቶ የሚያለቅስ የጎንደር ሰው ይህን ቢያይ ምን ለማለት እንደተፈለገ ለመረዳት አስተርጓሚ የሚያሻው አይመስልም።

የቤተ ክርስቲያን ድምፅ የተሰማው በተለይ ስለ ጸበል ነው። ብዙ ሕሙማን በእንጦጦ ማርያምና በሌሎች የጸበል ስፍራዎች ሲሰበሰቡ፣ መድኃኒት መውሰድ እምነትን ማጉደል ነው የሚል አስተሳሰብ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ አሳሰቡ። በክብረ በዓል የተሞላችውና በአርባ አራቱ ታቦቷ የምትጠራው ጎንደር ይህን ቃል ከሐኪም ይልቅ ከአባት አፍ መስማቷ የሕሙማንን ሕይወት ነክቷል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በሐምሌ 1995 ዓ.ም. በክፍያ፣ በጥር 1997 ዓ.ም. ደግሞ በነጻ መሰጠት ጀምሮ ነበር፤ በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተቋቋመው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ለሰሜኑ ሰው ዋናው የሕክምና በር ሆነ። በ1997 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉት ሰዎች ላይ የቫይረሱን ስርጭት በአገር አቀፍ ደረጃ 1.4 በመቶ፣ በከተማ 5.5 በመቶ፣ በገጠር 0.7 በመቶ አድርጎ አሳየ። የቁጥሩ ልዩነት ሐዘኑ በከተማ ላይ እንደተከማቸ የሚያሳይ ነው።

መድኃኒቱ ሞትን ሲያዘገይ አንድ ያልታሰበ ሐዘን ገለጠ፤ ይኸውም የልጆቹ ነው። በአገሩ ልማድ ለሕፃን መርዶ አይነገርም፤ «እናትህ ሩቅ አገር ሄዳለች» እየተባለ ይቆያል፣ እስኪያድግም ይጠበቃል። ከእናቱ ቫይረሱ የተላለፈበት፣ በአያቱ እጅ ያደገ ልጅ ግን በየቀኑ የሚውጠው ኪኒን ለምን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም፤ የጥያቄውን መልስ የሚሰጠው ሰውም ስለ ልጁ ጤንነት ሲናገር ሳያስበው ወላጆቹ በምን እንደሞቱ ይነግረዋል። ስለዚህ በጤና ተቋማት «ማሳወቅ» የሚባለው ሥራ ለዚህ ልጅ በእርግጥ ዘግይቶ የደረሰ መርዶ ነው፤ ነጋሪው ነርስ ወይም አማካሪ፣ ስፍራው የሕክምና ክፍል፣ ጊዜው ከቀብሩ ዓመታት በኋላ ነው፤ ዳስ የለም፣ ለቀስተኛም የለም። አያቶች ነገሩን ቢያዘገዩ ሊፈረድባቸው አይገባም፤ የሚያዘገዩት ልጃቸውን ቀብረው ያላለቀሱት ለቅሶ አብሮ ስለሚነሣባቸው ነው። አንዳንድ አማካሪዎች ልጁን ከአያቱ ጋር አስቀምጠው፣ የወላጆቹን ፎቶግራፍ አስመጥተው፣ በመጀመሪያ ስለ እነርሱ ሕይወት እንዲወራ ማድረጋቸው የድሮውን መርዶ ደንብ፣ ብቻውን እንዳይሰማ የሚለውን፣ በአዲስ ስፍራ መልሶ መትከል ነው።

በሥርዓቱ መሠረት የመጨረሻው የመታሰቢያ ዘመን ሰባት ዓመት ነው። መድኃኒቱ በነጻ ከመምጣቱ በፊት በመጨረሻው ዓመት፣ በ1996 ዓ.ም.፣ ያረፉት ሰዎች ሰባተኛ ዓመታቸው በ2003 ዓ.ም. ውሏል። ከጎንደር እስከ አብደራፊ ባለው መንገድ ዳር በዚያ ዓመት ዝክር ካዘጋጁት ቤቶች በአንዳንዶቹ፣ ባልዋን በቀበረችበት ዓመት ራሷ ትቆያለች ተብላ ያልታሰበች ሴት፣ ጠላውን ጠምቃ፣ ዳቦውን ጋግራ፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ ውጣ እንግዳ ስትቀበል፣ ካህኑም በዚያው የክርስትና ስም ባልዋን ጠርቶ ጸሎቱን አደረሰ።